ከጠገራ ብር የተሠራው ድሪ የማን ነው?

በዚህ ዕትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ አምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለአገር ጌጣጌጥ ሰጥተነዋል። ካለፈው መስቀል ወዲህ ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድን ነገር ከየአቅጣጫው የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። ከርዝመታቸው የተነሣ ጥቂት አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም በራሳቸው ፈቃድ አላወጣንም።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሠርጌ ለመጪው ጥር ተቆርጧል። አንኮበር ያለችው አያቴ ከእናቷ የወረሰችውን የብር ድሪና የአንገት መስቀል «ለአንቺ ቀን ያቆየሁት ነው» ብላ ሰጥታኛለች። የእጮኛዬ እኅት ደግሞ ዱባይ ስለምትኖር ከነጉትቻው ከነአምባሩ ሙሉ የወርቅ ጌጥ ለጥሎሽ ልካለች። ወርቁ ያምራል፣ አልዋሽም። ድሪውን ለሠርጌ አደርገዋለሁ ስል ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይኼ እኮ የኦስትሪያ ገንዘብ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ምኑ ነው የኢትዮጵያ?» አለኝ። እንደ ዋዛ የተባለ ነገር ቢሆንም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነት ድሪው የእኛ አይደለም? የድሪውንና የመስቀሉን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

መልስ

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለወግ ማዕረግ አበቃሽ። ባልደረባሽ ስለ ብሩ የተናገረው እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱ የብዙዎቻችን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልስልሻለሁ።

አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ፣ እንግሊዝም በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ አስመትተውታል። አንዱ ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ሲኖረው፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አለ። የራሳችን የገንዘብ ሕግ ወጥቶ ጠገራውን እስከተካበት እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ የሸዋ ገበሬ ከብት የሸጠበት፣ ነጋዴው ጨው የገዛበት፣ አማቹ ጥሎሽ የቆጠረበት ይኸው ገንዘብ ነበር። ዛሬ እንኳ የወረቀቱን ገንዘብ «ብር» ብለን በማዕድኑ ስም የምንጠራው የዚያ ዘመን ትዝታ ቀርቶብን ነው።

አንጥረኞቻችን ጠገራውን ያቀለጡት ሌላ ብር እንደ ልብ ስለማይገኝና የጠገራው ጥራት ከአንዱ ወደ ሌላው ስለማይለዋወጥ ነው። ባለጌጧ ገንዘቧን በእጇ ቆጥራ ለአንጥረኛው ትሰጣለች፤ ስንት ብር እንደገባበት ታውቃለች፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ድሪው ስንት እንደሚያወጣ ከወዲሁ ታውቃለች። ለብዙ የገጠር ሴት በባሏ ስም ካልተጻፈ ሀብት ዋነኛው በአንገቷና በቁርጭምጭሚቷ ያለው ነበር። ስለዚህ አያትሽ ድሪውን «ለአንቺ ቀን ያቆየሁት» ስትል ቃሏን በቀላሉ አትዪው። በችግሯ ቀን ያልሸጠችው ነው ማለቷ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንኮበር ቁልቁለት ላይ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ቤት ተቀምጬ አንድ ጠገራ ሲቀልጥ አይቻለሁ። ማቅለጫው ከጭብጥ የማይበልጥ የሸክላ ጽዋ ነበር። አዛውንቱ በግራ እጃቸው ወናፉን እየነፉ በቀኛቸው ጥቂት ቦራክስ ነሰነሱበት። የንግሥቲቱ መልክ ወዲያው አልጠፋም፤ መጀመሪያ ጠርዙ ላበው፣ ቀጥሎ የፀጉሯ ጥቅል ለዘበ፣ ከዚያ በድንገት ሁሉም ተሰብስቦ እንደ ጤዛ የምትንቀለቀል አንዲት ክብ ጠብታ ሆነ። አዛውንቱ ጠብታዋን በብረት ቦይ ውስጥ አፍስሰው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ በጉጠት ይዘው መስፉ ላይ ይቀጠቅጧት ጀመር። ብሩ ሲጠና እንደገና ወደ እሳት፣ ሲለሰልስ እንደገና ወደ መዶሻ። ከዚያ ቀዳዳው እየጠበበ በሚሄድ ብረት ውስጥ እየሳቡ ሽቦ አደረጉት፤ ሽቦውን በእንጨት ላይ ጠምጥመው እየቆረጡ ትናንሽ ቀለበቶች አወጡ፤ ቀለበቶቹን አንዱን በሌላው ውስጥ እያጠፉ ሲያያይዟቸው ከጣት ያልረዘመ ድሪ እስኪሆን ድረስ ቀኑ መሸ። አንቺ የያዝሽው ከደረት በታች የሚወርድ መሆኑን ከፎቶግራፉ አይቻለሁ። ስንት ቀን እንደፈጀ አስቢው።

በዚያው ቤት አንድ ሌላ ነገር አሳዩኝ፤ ሳይቀልጥ ከጠገራው ላይ በቀጥታ ተቆርጦ የተሠራ የአንገት መስቀል። በመስቀሉ ክንድ ጫፍ ላይ የገንዘቡ ጠርዝ ጽሑፍ ጥቂት ፊደል ቀርቶበታል። ያ ጽሑፍ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነው። ቀራጩ ላቲን ማንበብ እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ባለቤቷም አታነበውም ነበር። ሆኖም ከሩቅ አገር መጥቶ በሸዋ አንጥረኛ እጅ መስቀል የሆነው ያ ብር በማን አንገት ላይ፣ ለማን ጸሎት እንደዋለ ካወቅን «የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል።

ባልደረባሽ የሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድን ጌጥ አገር የሚወስነው ማዕድኑ የወጣበት ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ የራሱ ጌጥ ያለው ሕዝብ እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። የአያትሽ አገር አንኮበር ደግሞ ከዓለም ተለይታ የኖረች መንደር አልነበረችም። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ውል የተፈራረሙት በዚያ ዘመን ነው። ከግርጌዋ አልዩ አምባ ገበያ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚራገፉበት ስለነበር፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዛጎል፣ የቬኒስ ብርጭቆ ዶቃ፣ ለማተብ የሚሆን የሐር ክር ሁሉ በዚያ በኩል ሽቅብ ወጥቷል። ዛሬ «ሉላዊነት» የምንለው ነገር ለአንኮበር ሴቶች አዲስ አልነበረም። ልዩነቱ የመጣውን ዕቃ እነሱ ወደ ራሳቸው ይለውጡት የነበረ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን እንደመጣ መቀበል ይቀናናል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስሙን ከአንጥረኛ ቤት የወሰደው በከንቱ አይደለም። ሠሪው መልኩን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሲሞቅ ሰሙ ፈስሶ ይወጣል፣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይገባል። ወርቁ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ የሚገባበትን መልክ ያበጀው ግን የአገሩ እጅ ነው።

አሁን ወደ ምክሩ ልመለስ። ወርቁን አትናቂው፤ በፍቅር የተላከ የቤተሰብ ስጦታ ነው። ሃያ አንድ ካራት ከሆነ ከመቶ 87.5 እጁ፣ አሥራ ስምንት ከሆነ 75 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነውና ሀብትነቱም እርግጥ ነው። ነገር ግን በማሽን የተመታ ጌጥ ስለሆነ ያው ተመሳሳዩ በካይሮም በሙምባይም ሙሽራ አንገት ላይ ይገኛል፤ የአያትሽ ድሪ ግን ሌላ አምሳያ የለውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ብዙ ሙሽሮቻችን የአገር ጌጥ ለመልስ ቀን ከካባው ጋር ብቻ ያደርጉና በዋናው ቀን ያወልቁታል። እኔ ይህን አልወደውም፤ በአንድ ቀን ተለይቶ የሚደረግ ጌጥ ቀስ በቀስ የትያትር ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ብትሰሚኝ ድሪውንና መስቀሉን ቃል ኪዳን በምትገቢበት ቀን፣ በነጩ ቀሚስ ላይ አድርጊው። የዱባዩ ወርቅ ለመልሱ ይቆይ፤ ላኪዋም ብትነገር የምትቀየም አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በፎቶግራፉ ላይ የመስቀሉ ማንጠልጠያ ቀለበት በላይኛው ጎኑ ሳስቶ ክር ሊመስል ደርሷል። ያ ጉድለት አይደለም፤ የሁለት ሴቶች ማተብ ስልሳና ሰባ ዓመት ሲፈጋው የቀረጸው ነው። አንጥረኛ ዘንድ ስትሄጂ «ቀይረው» አትበዪ፤ ከጎኑ ሌላ ቀለበት እንዲጨምርልሽና ክብደቱ በአዲሱ ላይ እንዲያርፍ ጠይቂ። ከሠርጉም በፊት አንድ ቅዳሜ ወደ አንኮበር ሂጂና ከአያትሽ አጠገብ ደብተር ይዘሽ ተቀመጪ። ማን ሠራው፣ የየት ሰው ነበር፣ ስንት ጠገራ ገባበት፣ ለምን በዓል ተሠራ፣ ማን ማን አደረገው፣ መቼ ሊሸጥ ደርሶ ነበር ብለሽ ጠይቂያት። ቃሏን እንደተናገረችው ጻፊው፤ በስልክሽም ቅጂው። ብሩ ሳይዝግ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን በቤታችሁ አንድ ብቻ ቀርቷል።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር አካባቢ

ክቡር አዘጋጅ፣ ከአባቴ የተማርኩ አንጥረኛ ነኝ፤ አባቴም ከአባቱ። ከሁለት ዓመት በፊት የድሮውን ሐረግ በራሴ መንገድ አስተሳስሬ አንድ አዲስ የአንገት መስቀል አወጣሁ። አንድ ነጋዴ ሁለት ገዛኝ። ዓመት ሳይሞላ ያው መስቀል በርካሽ ብረት ተቀርጾ፣ ብር መሳይ ቀለም ተቀብቶ፣ «የኢትዮጵያ ባህላዊ መስቀል» ተብሎ ከእኔ ዋጋ በአሥረኛው እጅ ሲሸጥ አየሁት። ማንን ልክሰስ? ከዚህ በላይ ደግሞ ልጄ በትምህርት ቤት በአባቱ ሥራ ስለሚሰደብ «ይህን ሙያ አልማርም» ብሎኛል። የትኛው እንደሚያመኝ አላውቅም።

መልስ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን በአጭሩ፣ ሁለተኛውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

በሕግ በኩል፣ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ ንድፍ ላወጣ ሰው ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። ቁልፉ ቃል «አዲስ» የሚለው ነው። የላሊበላን ወይም የጎንደርን የመስቀል መልክ ማንም በስሙ ሊያስመዘግብ አይችልም፤ ሊችልም አይገባም፤ የሁላችን ነውና። እርስዎ በራስዎ መንገድ ያስተሳሰሩት ሐረግ ግን ሊመዘገብ የሚችል ነገር ነበር። ከእንግዲህ አዲስ ሥራ ሲያወጡ ለገበያ ከማቅረብዎ በፊት ንድፉን በወረቀት ሥለው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያመልክቱ።

ንድፍ ብቻ ሳይሆን ስምም ይጠበቃል። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የአካባቢው አንጥረኞች ተሰባስባችሁ የጋራ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ትችላላችሁ። አገራችን የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ስታስመዘግብ አንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ቢከራከርም፣ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ተደርሷል። ቡናው ላይ የተቻለው ብሩ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በዓለም ደረጃም ነገሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የጸደቀው የንድፍ ሕግ ስምምነት፣ አገሮች አንድ ንድፍ አስመዝጋቢ የተጠቀመበትን ባህላዊ ዕውቀት ምንጭ እንዲገልጽ ለመጠየቅ የሚያስችላቸውን ቃል ይዟል። ይህ ነገ ጠዋት የእርስዎን ገበያ አይመልስም። ቢሆንም የአንጥረኛ ጥያቄ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መድረሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። «ባህላዊ መስቀል» ተብሎ ሲሸጥ ያዩት ዕቃ ላይ የጠፋው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የእርስዎ ስም ነው። ይህን ደግሞ የውጭ ነጋዴ አልጀመረውም፤ እኛ ነን የጀመርነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ብር የሚያነጥረውን፣ ሸክላ የምትሠራውን «ጠይብ» እና «ቡዳ» እያልን፣ በማዕድ ሳናቀርብ፣ በጋብቻ ሳንቀላቀል፣ የሠሩትን ግን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ኖረናል። መስቀሉን የምንሳለመው፣ በመቋሚያው ላይ የምንደገፈው፣ በከበሮው የምናሸበሽበው እኛው ነን፤ የሠራው ሰው ጥላ እንዳያርፍብን የምንሸሸውም እኛው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። የእርስዎ ልጅ ዛሬም ከመቶ ዓመት በኋላ በትምህርት ቤት መሰደቡ አዋጁ ከሰው ልብ እንዳልደረሰ ያሳያል። ጌጣችንን የማንነታችን መገለጫ ብለን በአደባባይ የምንኮራበት ከሆነ፣ ሠሪውን ማዋረድ ራሳችንን ማዋረድ ነው። ይህን ለልጅዎ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻውን ይላኩልኝ።

ሦስት ነገሮችን ግን እርስዎ ራስዎ ሊያደርጉ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ሥራ ጀርባ ላይ ምልክትዎን ይምቱበት። ከብረት የተሠራች የስምዎ የመጀመሪያ ፊደል ትበቃለች፤ ለእርስዎ ደግሞ ያቺን መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛው የዋጋ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ብር በግራም ስለሚሸጥ ገዢው ሚዛኑን አይቶ «ይኼን ያህል ግራም በይኼን ያህል» ብሎ ይሄዳል፤ አምስት ቀን የፈጀው ድካምና በአንድ ሰዓት የተቀረጸው ግልባጭ በሚዛን ላይ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ ደረሰኝዎ ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፤ አንዱ የብሩ ዋጋ፣ ሌላው የእጅ ዋጋ። የድሮ ደንበኛ ጠገራውን ራሷ ታመጣ ስለነበር የሚከፈለው የእጅ ዋጋ መሆኑ ግልጽ ነበር። ይህን ልማድ ያጠፋነው በቅርቡ ነው፤ መልሰው ያስገቡት። ሦስተኛው፣ የሠሩትን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ቀኑን፣ ክብደቱንና ለማን እንደሠሩት በመዝገብ ያስፍሩ። ልጅዎ መዶሻ መያዝ ባይወድም ይህን መዝገብ በስልኩ መያዝ ሊወድ ይችላል። አንዳንድ ሰው ወደ አባቱ ሙያ የሚገባው በጓሮ በር ነው፣ አያስገድዱት።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት

እናቴ አርጎባ ናት፣ አባቴ ኦሮሞ፤ ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። እናቴ የምታደርገው ጨሌ፣ ዛጎልና የብር ሂርዝ ነው። ልጄ በትምህርት ቤቷ ለኅዳር 29 በዓል «የአገር ጌጥ አድርጋችሁ ኑ» ሲባሉ የአያቷን ጨሌ አድርጋ ሄደች። መምህሯ «የአገር ማለት መስቀልና ድሪ ነው» ብላ መለሰቻት። ልጄ አለቀሰች። የእኛ የአገር አይደለም ወይ?

መልስ

የአገር ነው። በዓሉም የተሰየመው ለብሔሮች፣ ለብሔረሰቦችና ለሕዝቦች ነውና መምህሯ በሌላ ቀን እንኳ ብትሳሳት በዚያ ቀን መሳሳት አልነበረባትም። ለልጅዎ ከልብ አዝኛለሁ።

ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ እሑድ እሑድ የሚቆመውን የሰንበቴን ገበያ ያውቁታል። አማራው ከደጋ፣ አፋሩ ከበረሃ፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከመካከል መጥተው የሚገናኙበት ነው። እዚያ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ጌጥ እንዴት ከአንገት ወደ አንገት እንደሚሻገር ያያል። እርስዎ የጠቀሱት የብር ሂርዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሙስሊሟ የቁርኣን ቃል አስጽፋ የምትይዝበት፣ ክርስቲያኗ በግዕዝ የተጻፈ ክታብ የምታስገባበት መያዣ መልኩ ተቀራራቢ ነው። የተጻፈው ይለያያል፣ ሥጋቱና ተስፋው ግን አንድ ነው፤ ሕፃኑ እንዲያድግ፣ በሽታው እንዲርቅ። አንጥረኛውም ደንበኛውን በሃይማኖት አይመርጥም ነበር።

«ብሔራዊ ጌጥ» የሚለው ሐሳብ የሚበላሸው አንዱን መልክ መርጦ ሌላውን በሚያስወጣበት ጊዜ ነው። ዛሬ ባሕር ማዶ ያሉ ሱቆች ጌጣችንን ሁሉ በአንድ የመስቀል ምስል ጠቅልለው ሲሸጡ የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ መምህሯ ሳታውቅ የእነሱን ካታሎግ ነው የደገመችው። እኔ መስቀሉን እወደዋለሁ፤ ከላይ የጻፍኩት ምስክር ይሁነኝ። ነገር ግን የሸዋን አንገት የሚያውቅ ሰው ድሪውን ያለ ጨሌው ሊያስበው አይችልም። እናትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ በሚመጣው ዓመት ከልጅዎ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ አብረው ይሂዱ። የእያንዳንዱን ጨሌ ቀለም ለምን እንደመረጡት፣ ከማን እንደወረሱት በገዛ አንደበታቸው ይንገሩ። መምህሯም ትስማ። ለመቀየም ሳይሆን ለማስተማር እንደሚሄዱ አስቀድመው ቢያስታውቋት ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

የእናቴ የብር አልቦ ጠቁሮብኛል። አመድ ላሸው ወይ? እውነተኛ ብር መሆኑንስ በምን ላውቅ?

መልስ

አመድ አይንኩት። አመድ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ብሩን ይቧጥጠዋል፣ ጥርቡንም ያደበዝዘዋል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥበው፣ በጥጥ ጨርቅ አድርቀው፣ በእጅዎ ሳይጫኑ ይወልውሉት። አሉሚኒየም ወረቀትና ቤኪንግ ሶዳ በፍል ውሃ ውስጥ ጨምሮ መንከር ጥቁረቱን በደቂቃ ያነሣል፤ ግን በጥርቡ ሥር ያለውንም ጥቁር አብሮ ስለሚወስደው ሐረጉ ጎልቶ የሚታይበትን ጥላ ያሳጣዎታል። ለአሮጌ ሥራ አልመክረውም።

ብር መሆኑን ለማወቅ ማግኔት ብቻውን አያስተማምንም፤ ብርም ብር መሳዩ የኒኬል ቅይጥም በማግኔት አይሳቡም። ክብደቱ ይሻላል። አልቦውን በሚዛን መዝነው፣ መስመር ባለው የመለኪያ ዕቃ ውሃ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ውሃው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ከፍ ካለ ወደ ጠገራ ብር ይቀርባል፤ ወደ 12 ከተጠጋ ናስ ወይም የኒኬል ቅይጥ ነው። አልቦው ውስጡ ክፍት ከሆነ ግን ይህ መለኪያ ያሳስታል፤ ያን ጊዜ አንጥረኛ ያሳዩት።

ጥቁረቱ የሚመጣው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ነው፤ ለዚህም በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጠቀሱት ነገር መልሱን ይዟል። አልቦውን በመንዝ ባና ቁራጭ ጠቅልለው በሣጥን እንዳስቀመጡት ጽፈዋል። የበግ ጠጉር በተፈጥሮው ድኝ ስላለበት ብርን ቶሎ ያጠቁራል። ከባናው አውጥተው፣ ታጥቦ በደረቀ ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ከወጥ ቤቱ ጭስም ራቅ ያለ ቦታ ይሁን።